ገበና የሚሸፍን፣ ሰው የሚጋርድ፦ የግርዶሽ ታሪክ ከመልካ ጀብዱ እስከ አዲስ አበባ

የሰው ልጅ መኖሪያውን ሲሠራ ሁለት ነገሮችን አብሮ ይሠራል። አንደኛው ለእንግዳ ዓይን የሚያቀርበው ገጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእንግዳ ዓይን የሚሰውረው ጓሮ ነው። የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ቀለማቸውን ያፈሰሱት በመጀመሪያው ላይ ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ስለ ባቡር ጣቢያው ግንባር ብዙ ተብሏል። የውሃ በርሜሉን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የአመድ ማፍሰሻውን፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ የመብራት ቆጣሪውንና የጋዝ ሲሊንደሩን ለመከለል የቤቱ ባለቤት በገዛ እጁ ስለሚያቆመው ተራ ግርዶሽ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ተራ ነገር በታሪክ ዓይን ለመመልከት ይሞክራል።

ቋንቋችን ለጉዳዩ የሚሆን ድንቅ ቃል አለው፤ እርሱም ገበና ነው። ገበና ነውር አይደለም። ነውር ሰው አድርጎት የሚያፍርበት ድርጊት ሲሆን፣ ገበና ግን ኑሮ ባለበት ሁሉ የሚገኝ የቤት ምሥጢር ነው። የሚበላ ሰው አመድና ጥራጊ ይኖረዋል፤ የሚታጠብ ሰው እድፍ ውሃ ይኖረዋል፤ ገበና የሌለው ቤት ሰው የማይኖርበት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህም በባህላችን ገበናን የሸፈነ ሰው ይመሰገናል እንጂ ዋሾ ተብሎ አይወቀስም። ይሁንና የቤትን ገበና መሸፈንና ሰውን መጋረድ አንድ አይደሉም። ሁለቱም በአጥር፣ በጨርቅ ወይም በቆርቆሮ ይከናወኑ ይሆናል፤ በጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ልዩነታቸው በምን እንደሚታወቅ ለመረዳት ከትንሹ፣ ከጓሮው መጀመር ይበጃል።

የመልካ ጀብዱ ጓሮ

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የኦሮሞና የሶማሌ ተወላጆች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናት። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለተቆረቆረች፣ ኑሮዋ ከደጋው ኑሮ ይልቅ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ሰው ጥላ ፍለጋ ከቤት ወደ ግቢ ይወጣል፤ በግቢ ያበስላል፣ በግቢ ይቀመጣል፣ ሙቀቱ ሲበረታም በግቢ ያድራል። በደጋ አገር በጓዳ የሚሰወረው ነገር ሁሉ እዚህ ከሰማይ በታች ይታያል።

በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ዓይንን የሚቆረቁሩ ዕቃዎች ቁጥር በየጊዜው እየበዛ መጥቷል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የሚያገለግል ሮቶ ወይም የብረት በርሜል ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይሰቀላል። ቆጣሪው ከግድግዳ ላይ ሽቦውን አንጠልጥሎ ይታያል። የጋዝ ሲሊንደሩ ከማብሰያው አጠገብ ይቆማል። አቅም ባለው ቤት ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው፣ ውጫዊ ክፍል እየጮኸና ትኩስ አየር እየተፋ ከመስኮት ሥር ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ለመከለል የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ፣ በቋሚዎቹ መካከል የሚያያዝ ማገር፣ በማገሩ ላይ የሚታሰር ሰሌን ወይም በጣት ስፋት እየተራራቀ የሚመታ ቀጭን ጣውላ፣ ጥቂት ሽቦና ሚስማር፣ ለመክፈቻው ጥንድ ማጠፊያ ይበቃል። ጣውላው ከአሮጌ የጭነት ሳጥን ሊፈታ ይችላል። ቋሚው ባለፈው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ የድሬዳዋን አካባቢና የአፋርን የግጦሽ መሬት ካስጨነቀው ከፕሮሶፒስ ዛፍ ሊቆረጥ ይችላል፤ የዚህ ተክል እንጨት ጠንካራ ስለሆነ፣ አርብቶ አደሩን የጎዳው ወራሪ ቢያንስ በዚህ አገልግሎት ዕዳውን በጥቂቱ ይከፍላል።

ሥራው ቀላል ቢሆንም ሕግ አለው። የመጀመሪያው ሕግ ግርዶሽ መተንፈስ አለበት የሚል ነው። የኤሲው ውጫዊ ክፍል ከኋላና ከጎን አየር ስቦ በፊት ለፊቱ ትኩሱን ያስወጣል፤ በቆርቆሮ ዙሪያውን ቢታፈን የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ኃይል ያባክናል፣ ውሎ አድሮም ይበላሻል። ከሲሊንደር የሚያመልጥ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ መከለያው ከታች ክፍት ካልሆነ ጋዙ በውስጡ ተጠራቅሞ የእሳት አደጋ ይደግሳል። በሮቶው ዙሪያ የቆመ ሰሌን ግን ፀሐይን ከልክሎ ነፋስን ስለሚያሳልፍ ውሃውን ከመጋል ያድነዋል። ሁለተኛው ሕግ ግርዶሽ መከፈት አለበት የሚል ነው። ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን ማየት፣ ጠጋኙ የሚያፈሰውን ቧንቧ መድረስ አለበት፤ በር የሌለው ግርዶሽ ትንሹን ብልሽት ደብቆ ያሳድገዋል። ሦስተኛው ሕግ ግርዶሹን የሚያቆመው ከበስተ ኋላው ያለውን ነገር የሚያውቅና የሚገለገልበት ሰው ይሁን የሚል ነው። የመልካ ጀብዱ እመቤት ሰሌኗን ከሮቶው ፊት ስትዘረጋ ጎረቤቷን አታታልልም። ጎረቤቷ ከሰሌኑ ኋላ ሮቶ እንዳለ ያውቃል፤ የእርሱም ግቢ እንዲሁ ነውና። የተሸፈነው ዕቃ ነው፤ የተገለጠው ደግሞ ለእንግዳ ዓይን ያላት አክብሮት ነው።

እነዚህ ሦስት ሕጎች፣ ማለትም መተንፈስ፣ መከፈትና በባለቤቱ እጅ መሠራት፣ ለጓሮ ዕቃ ብቻ የተነገሩ አይደሉም። ወደፊት እንደምናየው ታላላቆቹን የከተማ አጥሮች ለመመዘንም ያገለግላሉ።

ሰሌን፣ ቁልቋል፣ መጋረጃ

በድሬዳዋ ዙሪያ ከከተማውም ከባቡሩም በፊት የነበረው የሥነ ሕንፃ ጥበብ የሰሌን ጥበብ ነው። በኢሳና በሌሎች የሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ አቃል የሚባለው ተንቀሳቃሽ ቤት ከተቆለመሙ ቅርንጫፎችና ሥሮች በሚሠራ አጽም ላይ ሰሌንና ቆዳ ተደርቦበት ይቆማል። ሰሌኑን የሚሠሩት፣ ቤቱን የሚያቆሙትና የሚያፈርሱት ሴቶች ናቸው፤ ጉዞ ሲሆን መላው ቤት በግመል ጀርባ ላይ ይጫናል። በአፋር ዘንድም ተመሳሳይ ጥበብ ይገኛል። በዚህ ቤት ግድግዳና ግርዶሽ አይለያዩም። ሰሌኑ ሲሞቅ ይገለጣል፤ ሲበርድ ይደረባል። እንግዲህ ዛሬ በመልካ ጀብዱ ግቢ ከፕላስቲክ ሮቶ ፊት ሰሌን ሲዘረጋ የምናየው የድህነት ማስታገሻ ሳይሆን፣ በሴቶች እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገረ የሥነ ሕንፃ ዕውቀት ቅሪት ነው።

ደጋው ደግሞ የራሱን ግርዶሽ አበጅቷል። የገበሬው ግቢ በቁልቋል ወይም በእሾህ አጥር ይከበባል፤ ጓሮው ከቤት ኋላ፣ ጓዳው ከምሰሶው ማዶ ይሆናል። ወደ ላይ ስንወጣ ግርዶሽ ከቤት ዕቃነት ወደ ሥርዓትነት ይለወጣል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ከመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ንጉሠ ነገሥት ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተከልለው እንግዶቻቸውን ይቀበሉ እንደነበር ጽፏል። በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽም ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ከተመገቡ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ሠራዊቱና ሕዝቡ ወደ ማዕዱ ይገባ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በመጋረጃ ይለያል። በእንግሊዝ አገር በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በካናዳም በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙት ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው የሐር መጋረጃዎች በጎንደር ዘመን የተሠሩ የዚህ ሥርዓት ምስክሮች ናቸው። ታሪካቸው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በመቅደላ ከፈጸሙት ዝርፊያ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በሽመና ጥበባቸው በዓለም ላይ ወደር የሚገኝላቸው አይመስልም።

ንጉሡ የሚጋረደው ከብሮ ነው፤ ታቦቱ የሚጋረደው ተቀድሶ ነው። በሁለቱም ዘንድ ተመልካቹ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ያውቃል፤ መጋረጃውም የሚገለጥበት ሰዓት አለው። ሰውን የሚያርቅ መጋረጃ እንኳ ቢሆን «እዚህ ምንም የለም» አይልም። የሚለው «እዚህ ትልቅ ነገር አለ» ነው።

በምሥራቁ አገራችን ሦስተኛ ዓይነት ግርዶሽ አለ፤ እርሱም የእንጨት ፍርግርግ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻዎችና በካይሮ የታወቀው መሽረቢያ የሚባለው የመስኮት ፍርግርግ ስሙን ያገኘው መጠጣት ከሚለው የዓረብኛ ሥር ነው ይባላል፤ ነፋስ እንዲያቀዘቅዛቸው የውሃ እንስራዎች የሚቀመጡት በዚያ ስለነበረ ነው። እነሆ የመልካ ጀብዱ የሮቶ ግርዶሽ ሩቅ ዘመድ! በሐረር የህንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ባለ ሰገነት የእንጨት ቤቶች፣ በተለይም ዛሬ በባለቅኔው አርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ነገር ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራው ቤት፣ ይኸው የፍርግርግ ጥበብ ከባሕር ማዶ ወደ ተራራው እንዴት እንደወጣ ያሳያሉ።

ባቡሩና ቆርቆሮው

የግርዶሽን ታሪክ ከሥሩ የለወጠው በባቡር የመጣው ቆርቆሮ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በተራራው ግርጌ ወዳለው ሜዳ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ገደል ለሐዲድ አስቸጋሪ በመሆኑ ኩባንያው በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ የተሰየመችው ይህች ከተማ ድሬዳዋ ናት። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ወገን በቀጥተኛ መንገዶችና በዛፍ ጥላ የተነደፈችው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የነጋዴውና የሠራተኛው ሰፈር መጋላ ተመሠረቱ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ድሬዳዋ ለዓመታት ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ በሐዲድ ለሚመጣው ዕቃ ዋና መራገፊያ ሆና ኖራለች።

ከፉርጎዎቹ ከሚራገፈው ዕቃ መካከል የቤታችንን መልክ እንደ ቆርቆሮ የለወጠ ጥቂት ነው። ሞገድ ያለው የብረት ክዳን በ1829 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው የኢንዱስትሪ ውጤት ነው። ክብደቱ ቀላል፣ እርስ በርሱ የሚደራረብ፣ ለፉርጎ የተመቸ፣ ለመምታት ሚስማርና መዶሻ ብቻ የሚፈልግ ነው። ሣር እየከደነ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሚጠግን ቤተሰብ ቆርቆሮ ታላቅ እፎይታ መሆኑን መካድ አይቻልም። የነዳጅ ጣሳና የአሮጌ በርሜል ላሜራም ተቀጥቅጦ ለድኻው ቤት በርና አጥር ሆነ።

ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ወደ አጥርነት ሲሸጋገር አዲስ ጠባይ ይዞ መጣ። ሰሌን ያጣራል፤ ቁልቋል ያድጋል፣ ይሳሳል፣ ወፍ ይሰፍርበታል፤ ፍርግርግ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳያል። ቆርቆሮ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ ዓይንንም ነፋስንም ጨርሶ ያግዳል። በድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሁሉ በላይ በፍጥነት ይቆማል። ቁልቋል አጥር ለመሆን ዓመታት ሲፈጅ፣ ቆርቆሮ በጥቂት ሠራተኞች እጅ በአንድ ሌሊት የአንድን ጎዳና ዳር ሊያለብስ ይችላል። ለችኩል ባለሥልጣን ከዚህ የሚመች ዕቃ ከየት ይገኛል?

ሁለት ክብረ በዓላት፣ አንድ አጥር

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ከተማዋ ተሰናድታ ጠበቀቻቸው። መንገዶች ተስፋፉ፤ ሕንፃዎች ቀለም ተቀቡ፤ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ዳር የነበሩት ደሳሳ ጎጆዎችም በአጥር ተጋረዱ። በዚያው ጊዜ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ ከእንግዶቹ ፊት ቆሞ ነበር። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የዘመኑን ትግልና የወደፊት ተስፋ የሚያሳየው ይህ ሥራ በአንድ በኩል ግርዶሽ ነው፤ በውጭና በውስጥ መካከል ቆሞ ይለያልና። ነገር ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ እንዲያውም ብርሃን ካላለፈበት ምንም አይደለም። የሰንሰለቱን መከራ ሳይደብቅ ያሳየ ጥበብ ከውስጥ፣ የጎረቤቱን መከራ የጋረደ አጥር ከውጭ፣ ሁለቱ በአንድ ከተማ በአንድ ወር ተገናኙ።

ዘውዱ ከወደቀ በኋላ አጥሩ አብሮት መውደቅ ይገባው ነበር። አልወደቀም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲከበርና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ ሲበሠር፣ አዲስ አበባ በመፈክር ሰሌዳዎች፣ በታላላቅ ምስሎችና በሰንደቅ ዓላማዎች አሸበረቀች፤ የትግላችን ሐውልትም በዚያው ሰሞን ተመረቀ። የድኻው ሰፈሮችም እንደገና ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ከጎዳናው ተለዩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወር የኪራዩ ዋጋ ለድኻው እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በዚያ አነስተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤቶችን ጣሪያና ግድግዳ ማደስ አልተቻለም። ጭቃው ሲረግፍ፣ ምሰሶው ሲዘም ዓመታት አለፉ። ቤቱን መጠገን ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ በፊቱ ቆርቆሮ መምታት ግን ጥቂት ቀን ይበቃዋል። አጥሩ ለጥገናው ምትክ ሆኖ ቆመ።

የበዓሉ ጊዜ ደግሞ በሰሜኑና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ረሀብ የበረታበት ጊዜ ነበር። በዓሉ ካለፈ አንድ ወር ተኩል ሳይሞላው፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የቆረም መጠለያ ምስል በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። ረሀቡን የጋረደው የጎዳና ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም፤ የዝምታ አጥርም ነበረ። ሁለቱ አጥሮች የአንድ አስተሳሰብ ውጤቶች መሆናቸውን ግን ታሪክ ጸሐፊ ሊዘነጋ አይገባውም።

በጓሮው ሦስት ሕጎች ብንመዝናቸው እነዚህ አጥሮች ሦስቱንም ይጥሳሉ። አይተነፍሱም፤ ከኋላቸው ያለውን ሰው ከጎዳናው ንግድና ከመንገዱ ነፋስ ይለዩታል። አይከፈቱም፤ ጠጋኙ የሚጠገነውን እንዳያይ ያደርጋሉ። የሠራቸውም ከኋላቸው የሚኖረው ሰው አይደለም፤ በእርሱ ፊት፣ ያለ ፈቃዱ፣ ለሌላ ሰው ዓይን ሲባል በሌላ እጅ ቆመዋል። እመቤቲቱ ሮቶውን ስትጋርድ ዕቃዋን ነው፤ እነዚህ ግን ሰውን እንደ ዕቃ ቆጥረው ጋረዱት።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ደዌ አይደለም። በ1787 እ.ኤ.አ. ንግሥት ካትሪን ወደ ክራይሚያ ስትጓዝ ልዑል ፖተምኪን የሐሰት መንደሮችን በመንገዷ ዳር አቁሞላት ነበር የሚለው ትረካ በዓለም ሁሉ ተዛምቷል። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ትረካው እጅግ የተጋነነ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰዎች በቀላሉ ማመናቸው ድርጊቱ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይመሰክራል። በ1976 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ስብሰባ በማኒላ ሲደረግ የድኾች ሰፈሮች በአጥር ተሸፈኑ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተነሡ። በ2010 እ.ኤ.አ. በዴልሂ የጋራ ብልጽግና አገሮች ውድድር ሲካሄድ የጎስቋላ ሰፈሮች በሰሌዳዎች ተጋረዱ። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የህንዷን አህመዳባድ ከተማ ሲጎበኙ በሚያልፉበት መንገድ ዳር በአንድ የድኾች ሰፈር ፊት የግንብ አጥር ተሠራ። ሥርዓቱ ዘውዳዊ ይሁን ወታደራዊ፣ የተመረጠ ይሁን ያልተመረጠ፣ እንግዳ ሲመጣ እጁ ወደ አጥር ይሮጣል።

የመድረኩ ሸራና የጎዳናው ቆርቆሮ

በዚህ ጉዳይ የኪነ ጥበብ ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም። የጎዳናውን አጥር ቀለም የቀባው፣ መፈክሩን በላዩ የጻፈው፣ ታላላቅ ምስሎቹን የሣለው የሙያ ባልደረባችን እጅ ነውና።

የቴአትር ሰው ግርዶሽን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ የትኛውም መድረክ በግርዶሽ ይኖራል። የእንጨት ክፈፍ ይመታል፤ አቡጀዲ ይወጠርበታል፤ ሙጫና ቀለም ይቀባል፤ ያ ጨርቅ ከፊት ለፊት ሲታይ የግንብ ግድግዳ፣ የገበሬ ጎጆ ወይም የንጉሥ አዳራሽ ይሆናል። ከኋላው ተራ ጣውላና ገመድ፣ ተራውን የሚጠብቅ ተዋናይ አለ። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ያውቃል። ትኬት ቆርጦ ሲገባ ከጥበበኛው ጋር ውል ገብቷል፤ ለሁለት ሰዓት ጨርቁን እንደ ግንብ ሊቆጥር ተስማምቷል። ጥበበኛውም በምላሹ በዚያ ጨርቅ አማካይነት እውነት ሊነግረው ቃል ገብቷል። ብዙ ጊዜ በመድረክ ላይ የሚቆመው ጎጆ የሚቆመው የድኻው ኑሮ እንዲታይ ነው።

ያው ክፈፍና ያው ቀለም ወደ ጎዳና ሲወጣ ግን ውሉ ይፈርሳል። በጎዳና የሚያልፈው ሰው ትኬት አልቆረጠም፤ ከአጥሩ ኋላ የሚኖረውም በተውኔቱ ውስጥ ድርሻ አልተሰጠውም። የመድረኩ ሸራ ያልነበረውን እንዲታይ ያደርጋል፤ የጎዳናው ቆርቆሮ የነበረውን እንዳይታይ ያደርጋል። ሕዝቡ ግን አይታለልም። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው አነጋገር ላዩ ተሸላልሞ ውስጡ ለተጎሳቆለ ነገር ሁሉ የሰጠው ፍርድ ነው። የሚታለለው አጥሩን ያስቆመው ሰው ነው፤ በየቀኑ በዚያ ጎዳና ሲያልፍ ከራሱ ቆርቆሮ በቀር የሚያየው የለምና፣ ከጊዜ በኋላ ከቆርቆሮው ማዶ ሰው መኖሩን ራሱ ይረሳዋል።

ጉዳዩ ዛሬ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከተሞቻችን እንደገና ልብስ በመለወጥ ላይ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ድሬዳዋን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። በአንዳንድ ጎዳናዎች ለዓመታት እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥለው የኖሩት የመብራትና የስልክ ሽቦዎች ከመሬት በታች ገብተዋል፤ አሮጌ የቆርቆሮ አጥሮችም ተነሥተዋል። ሽቦን ከመሬት በታች መቅበር ጥሩ ግርዶሽ ነው፤ የሚሸፈነው ዕቃ ነውና፣ ጠጋኙም የሚገባበት በር እስካለው ድረስ ሦስቱን ሕጎች ያከብራል። ነገር ግን አጥሩ ሲነሣ ከኋላው የነበረው ሰው ወዴት ሄደ? ቤቱ ታድሶለት በቦታው ቀረ ወይስ ከዓይን ርቆ ተዛወረ? የሩቅ ሰፈርም ከቆርቆሮ የበረታ ግርዶሽ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

መልካ ጀብዱም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለችም። የድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ከፓርኩ ጋር የተያያዘው ነፃ የንግድ ቀጣናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። በአንድ ወቅት ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ድሬዳዋን እንደ ፈጠራት ሁሉ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አዲስ ንግድ ዛሬ የከተማዋን ዳር እየለወጠ ነው። ነጋዴና ባለሀብት፣ እንግዳና መልእክተኛ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። እንግዳ ባለበት ደግሞ «ይህ ሰፈር እንዲህ ሆኖ ይታይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ረጅም አጥር ከሆነ፣ 1955ም 1977ም በሜዳው ላይ ይደገማሉ። መልሱ ውሃው በቧንቧ እንዲደርስ፣ መጸዳጃው በአግባቡ እንዲሠራ፣ ጣሪያው እንዲጠገን ማድረግ ከሆነ ግን፣ የቀረውን ትንሽ ገበና ባለቤቱ በራሱ ሰሌንና ጣውላ ይሸፍነዋል። ይህን ማንም አያስተምረውም፤ ጥበቡ ከአያቱ ጀምሮ በእጁ ላይ አለ።

እንግዲህ የሥራ ኃላፊው በአንድ ሰፈር ፊት አጥር እንዲቆም ከመፈረሙ በፊት ሦስቱን የጓሮ ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ይተነፍሳልን? ይከፈታልን? ሠሪው ከኋላው የሚኖረው ነውን? መምህሩ የአካባቢያችንን የሰሌን፣ የቁልቋልና የፍርግርግ ጥበብ የድኻ ነገር አድርጎ ከማለፍ ይልቅ ለተማሪዎቹ እንደ ሥነ ሕንፃ ትምህርት ያቅርበው፤ ሥራውን ከሚያውቁት ከመልካ ጀብዱ እናቶች የበለጠ መምህርም አይፈልግ። ሠዓሊው፣ ዲዛይነሩና የቴአትር ባለሙያው ደግሞ ብሩሽና ክፈፍ ይዞ ወደ ጎዳና ሲጠራ፣ ቀለሙን ከማቅለሙ በፊት ከአጥሩ ማዶ ዞሮ ይመልከት። በዚያ ያገኘው ሮቶና ቆጣሪ ከሆነ በደስታ ይቀባ፤ ያገኘው ሰው ከሆነ ግን ሙያው የሚጠይቀው እንዲያሳየው ነው።